«ፍርድ ቤት ከፈታህ ለምን ተሰደድክ?» መንግሥትና ዳኞች በኢትዮጵያ

ሃያብለ ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ሻይ እንጠጣለን። እኔ የማስተምረው አሊ አዴ ካምፕ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ግን እዚህ ዘመዶቼ ጋ እሰነብታለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ «እስቲ አንብቢልኝ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት የመጡት ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከፌስታል ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ማኅተም አለው፤ በዋስ ይለቀቁ ይላል።

«ይህን ወረቀት ቃለ መጠይቅ ላይ አሳየሁ» አሉኝ። «ጠያቂዋ አነበበችና 'ፍርድ ቤት ከፈታህ ለምን ተሰደድክ?' አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያድነኛል ያልኩት ወረቀት መልሶ እኔኑ ከሰሰኝ።»

የእሳቸው ታሪክ አጭር ነው። ዳኛው ፈቀዱ፣ ዋስ ተጠራ፣ ገንዘቡ ተከፈለ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ጠብቆ መልሶ ወሰዳቸው። አገር ቤት ይህን ለማንም ብታወሩት «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላችኋል እንጂ አይገርመውም። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ግን ዳኛ ይፈታ ካለ ሰውየው ተፈታ ማለት ነው። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው። በኢትዮጵያ መንግሥትና ፍርድ ቤት ሲጋጩ ምን እንደሚሆን በስምና በቀን የታወቁ ጉዳዮች አሉ። ታሪካችሁን ስትናገሩ ይጠቅሟችኋል። ዓመቶቹ የእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

ከሁሉም የታወቀው የአቶ ስዬ አብርሃ ጉዳይ ነው። አቶ ስዬ የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትርና የሕወሓት ከፍተኛ ሰው ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ከተሸነፈው ወገን ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆይ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የቀረበው ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛዋ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። እሳቸውም የቀረበላቸውን አይተው በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ።

አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሲወጡ የጸጥታ ኃይሎች መልሰው ያዟቸው። የጋሼን ታሪክ ሰምቼ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው። ሚኒስትር የነበረ ሰው ላይ፣ መሀል አዲስ አበባ፣ ሰው ሁሉ እያየ የሆነ ነገር አንድ ተራ ሰው ላይ ወረዳ ከተማ ውስጥ ቢሆን ምኑ ይገርማል?

ግን ነገሩ በር ላይ በመያዝ አላበቃም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። ፓርላማው የጸረ ሙስናውን ልዩ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 አሻሻለና በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም አለ። ከዚያ በኋላ ዳኛ ልፍታ ቢል እንኳ ሕጉ እጁን ያዘው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት አለው ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሕግ በሚደነግጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ሊከለክል ይችላል ይላል። «ሕግ በሚደነግጋቸው» የምትለዋ ቃል በር ናት። ምክር ቤቱን የያዘ ፓርቲ በዚያች በር እንዳሻው ይገባል። አዋጁ በ1997 ዓ.ም. በቁጥር 434 ላላ ተደርጎ ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ሆነ። አቶ ስዬ ግን እስከ 1999 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ታስረዋል።

የዳኛዋ ዕጣ ደግሞ ይኸውላችሁ። ወንበራቸውን ትተው ፖለቲካ ውስጥ ገቡና በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። ከምርጫው በኋላ ታሰሩ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ በይቅርታ ወጡ። በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶባቸው እንደገና ገቡ፤ መስከረም 2003 ተፈቱና አሜሪካ ሄዱ። በኅዳር 2011 ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ሠሩ። እሳቸው በመሠረቱት አንድነት ፓርቲ ውስጥ በኋላ ከገቡት ሰዎች አንዱ እነዚያው ይፈቱ ያሏቸው አቶ ስዬ ናቸው። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አስተማሪዬ «ይህ አይታመንም፣ አስተካክዪው» ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ «እሳቸው እኮ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ትልልቆቹስ?» የሚል ይኖራል። ትልልቆቹ ላይ የደረሰውን ለማየት ወደ 1997 እና 1998 ዓ.ም. እንሂድ።

የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ውጤት ሲያወዛግብ ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሰው ተገደለ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 እንደገና ተጀመረና ለቀናት ቀጠለ። ቤተሰቡ ውስጥ የዚያን ጊዜ ልጅ የታሰረበት ወይም የሞተበት ሰው እዚህ ሰፈር አይጠፋም። ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 478/1998 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሥራው ጸጥታ ኃይሎች የተጠቀሙት ኃይል ተመጣጣኝ ነበር ወይስ ከልክ ያለፈ የሚለውን፣ በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ የደረሰውንም ጉዳት ማጣራት ነው። ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ናቸው፤ የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የነበሩ ዳኛ። ምክትላቸው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻም ዳኛ ነበሩ። ኮሚሽኑን ያቋቋመው የገዛ ራሱ የመንግሥት ፓርላማ እንደሆነ አስተውሉ፤ ተቃዋሚ የመረጣቸው አይደሉም።

እነዚህ ሰዎች በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድምፅ ሰጡ። 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ የተወሰደው ኃይል ከልክ ያለፈ ነው አሉ። የቆጠሩት ሟች 193 ሲቪል ነው፤ ታዳጊ ልጆችም አሉበት፤ 6 ፖሊሶችም ሞተዋል። የቆሰለው 763 ነው። የሲቪሉ ቁጥር መንግሥት ቀደም ሲል ይናገር ከነበረው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ከድምፁ በኋላ፣ ኮሚሽነሮቹ ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ ውሳኔያቸውን እንዲለውጡ ከላይ ጫና መጣባቸው። ሰብሳቢው፣ ምክትላቸውና ሌላው የኮሚሽኑ አባል ጠበቃው አቶ ምትኩ ተሾመ አገር ጥለው ወጡ።

ጥቅምት 8 ቀን 1999 አቶ ወልደሚካኤል ቁጥሩን ለአሶሺየትድ ፕሬስ ሰጡ፤ ዓለም ሰማው። ከዚያ በቀሩትና በተተኩት አባላት የተዘጋጀው ሪፖርት ለፓርላማ ቀረበ። ሪፖርቱ የሟቹን ቁጥር 193 ሲቪልና 6 ፖሊስ ብሎ ተቀበለ፤ ግን የተወሰደው ኃይል ከልክ ያለፈ አልነበረም አለ። ሬሳው ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ፍርዱ ብቻ ነው። ልጆችን ሒሳብ ስለማስተምር ይህ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል፤ ስሌቱ ሳይነካ መልሱ ተቀየረ። ሦስቱም ሰዎች በዚያው ኅዳር ዋሽንግተን ሄደው ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የሆነውን ተናገሩ።

በዚያው በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት አቶ ተሻለ አበራ እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠየቁ። እስቲ አስቡት፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የሁለት ትልልቅ ክልሎች የበላይ ፍርድ ቤት የመሩ ሰዎች እንደ እኛው ስደተኛ ሆኑ። እንደ እኛው ፎርም ሞሉ ማለት ነው፤ «ከአገርዎ የወጡበትን ምክንያት ይግለጹ» የሚለውን። «የተማረና ሥልጣን ያለው ሰው አይሰደድም» የሚል ጠያቂ ከገጠማችሁ እነዚህን ስሞች አንሱለት።

ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል? ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ብቻ ነው ማለት ለእኔ በቂ መልስ አይደለም። ነገሩ ሥር አለው።

የድሮው ሥርዓት ንጉሡን የዳኞች ሁሉ ዳኛ ያደርግ ነበር። ከንጉሡ በታች ያለው ትልቁ ዳኛ ማዕረጉ ራሱ አፈ ንጉሥ ነው፤ የንጉሥ አፍ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዳኞች ነፃ ናቸው ብሎ ቢጽፍም ዙፋን ችሎት አልተዘጋም ነበር። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ያም ሆኖ ሕዝቡ ለሕግ ትልቅ ክብር ነበረው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል። ደርግ ሲመጣ ይህም ተሰበረ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት፣ የ1987ቱ፣ ቃሉ ያማረ ነው። አንቀጽ 78 ነፃ የዳኝነት አካል ተቋቁሟል ይላል። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል፤ ዳኛን ከጡረታ ዕድሜው በፊት ማንሳት የሚቻለው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሲወስንና ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቅ ነው። ወረድ ብላችሁ አንቀጽ 81ን ስታነቡ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ምክር ቤቱ ከሞላ ጎደል የአንድ ፓርቲ ሆኖ ሲኖር አቅራቢውም አጽዳቂውም አንድ ቤት ነው።

ሌላው አንቀጽ 83 ነው። ብዙ አገር «ይህ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ጋ የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፖለቲካ ምክር ቤት። ፍርድ ቤቱ የሚሳተፈው በአጣሪ ጉባኤው በኩል ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ የሚሰበስቡት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ናቸው። ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይወስንም። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሊካሄድ ሳይችል ሲቀርና የመንግሥት የሥራ ዘመን ሊያልቅ ሲል ያየነው ይህንን ነው። ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን አከራከረ፤ ውሳኔውን ግን ሰኔ 3 ቀን የሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የመንግሥትም ዘመን ተራዘመ። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም፣ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ዳኛ አልነበረም።

ያኔ ጉባኤውን የመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ሲሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆኑ። ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር፤ እኔም ገና ተማሪ ሆኜ ክፍላችን ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ትዝ ይለኛል። በእሳቸው ጊዜ በ2013 ዓ.ም. ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችና ስለ ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ 1233 እና 1234 ወጡ፤ በወረቀት ሲታዩ ከበፊቶቹ የተሻሉ ናቸው። ግን ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈጽምም ማለቱ አልቆመም። የፖለቲከኛው የአቶ ልደቱ አያሌው ጉዳይ ለዚህ በቂ ነው። በ2012 ክረምት ታስረው በ2013 መጀመሪያ ፍርድ ቤት በ100 ሺህ ብር ዋስ ይውጡ ሲል ፖሊስ አልለቅም አለ፤ የወጡት ከወራት በኋላ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ከነምክትላቸው ከአቶ ሰለሞን አረዳ ጋር ጥር 9 ቀን 2015 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በምትካቸው አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ተሾሙ።

ሌላ አገር መንግሥትና ዳኛ አይጋጩም ወይ? ይጋጫሉ እንጂ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዝዳንቱን ምርጫ ውጤት ሰረዘ። ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በአደባባይ ዳኞቹን ሰደቧቸው። ቆይተውም ጉባኤው ከመረጣቸው ዳኞች ውስጥ ስድስቱን አልሾምም ብለው 34ቱን ብቻ ሾሙ። ስድስቱ የተሾሙት ሌላ ፕሬዝዳንት ሲመጣ ነው። ግጭት ማለት ይህ ነው፤ ግን ምርጫው ተደገመ፣ ዋና ዳኛው ዴቪድ ማራጋም እስከ ጡረታቸው ወንበራቸው ላይ ቆዩ።

እዚሁ ያለንበት አገርም የሚነሳ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጅቡቲ ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ አማካሪ የነበረ በርናር ቦሬል የሚባል ፈረንሳዊ ዳኛ ጉቤት አጠገብ ሞቶ ተገኘ። አሟሟቱ ሁለቱን አገሮች ለዓመታት አጨቃጨቀ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ጅቡቲ የምርመራው ፋይል ይላክልኝ አለች፤ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 እንልካለን አለ፤ ፋይሉን የያዘችው መርማሪ ዳኛ ግን አልልክም አለች። አልተላከም። ጅቡቲ ሄግ ድረስ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2008 ፈረንሳይ እምቢ ያለችበትን ምክንያት አለመግለጿ ጥፋት ነው አለ፤ ፋይሉ ይሰጥ ብሎ ግን አላዘዘም። መንግሥት ቃል ገብቶ አንዲት ዳኛ እምቢ ስትል የዳኛዋ ቃል ጸና። ቃለ መጠይቅ የሚያደርግላችሁ ሰው ከእንዲህ ዓይነት አገር የመጣ ከሆነ የጋሼ ወረቀት ለምን እንደሚያደናግረው አሁን ይገባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ከ2015 ወዲህ ከአማራ ክልል ለወጣችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዷል፤ ተራዝሞም እስከ ግንቦት 2016 መጨረሻ ገደማ ቆይቷል። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊነኩ የማይችሉ መብቶች አንቀጽ 93 ላይ በስም ተዘርዝረዋል፤ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብን የሚያዘው አንቀጽ 19 እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ተይዞ «ፍርድ ቤት ቀርቤ አላውቅም» የሚል ሰው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። የተያዛችሁበትን ቀን ከአዋጁ ቀን ጋር አያይዛችሁ ተናገሩ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቃለ መጠይቁ ላይ ያሉትን ቃል በቃል ንገሩኝ ስላቸው «ፍርድ ቤት ፈታኝ፣ ከዚያ ተያዝኩ» ነው ያሉት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ስንነጋገር «ፍርድ ቤት ፈታኝ» ስንል ዳኛው ፈቀዱ ማለታችን ነው። አስተርጓሚው ሲያዞረው ግን ሰውየው ነፃ ወጥቶ ቤቱ ገባ ማለት ይሆናል፤ ቀጥሎ «ተያዝኩ» ሲባል ሌላ ጊዜ በሌላ ወንጀል የተያዘ ይመስላል። እንዲህ በሉ አልኳቸው፦ «ፍርድ ቤቱ በዚህ ቀን በዋስ እንድለቀቅ አዘዘ። ፖሊስ ትእዛዙን አልፈጸመም። በዚያው ቀን በር ላይ መልሰው ያዙኝ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሰሩኝ።» አዘዘ ሌላ፣ ፈታ ሌላ።

ወረቀቱንም አትደብቁ። አንዳንድ ሰው ይጎዳኛል ብሎ ይተወዋል፤ ኋላ ሲገኝበት ደግሞ ለምን ደበቅክ ይባላል። ዋስ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ካለ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ገንዘብ ከፍሎ ያልተለቀቀ ሰው ከደረሰኝ የተሻለ ምስክር የለውም። ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገብቶ ከነበረ የመዝገቡን ቁጥር አስፈልጉ፤ ስልክ ላይ ፎቶ አንስተው ቢልኩላችሁም ጥሩ ነው።

ቀኑን ደግሞ ራሳችሁ ወደ ፈረንጅ አዙራችሁ ሂዱ፤ ለአስተርጓሚ አትተዉት። የጋሼ ወረቀት ላይ ትእዛዙ የተሰጠው ጥር 12 ቀን 2016 ነው። ፋይላቸው ላይ ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ስምንት ዓመት ልዩነት! ጠያቂዋ ከስምንት ዓመት በፊት ተፈትቶ አሁን የተሰደደ ሰው ነው ብላ ብታስብ አልፈርድባትም።

ማታውን ተቀምጠን ሁሉንም በወረቀት አሰፈርን፤ በአማርኛ እኔ ጻፍኩ፣ በፈረንሳይኛ አንድ እዚሁ የተማረ ልጅ ገለበጠልን። ጋሼ ቀኖቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስደገሙኝና ወረቀቱን ከትእዛዙ ጋር አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።